ሁላችን ያየነውና እያንዳንዳችን ያየነው

መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የእንቁጣጣሽ ምሽት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው በቤቱ ሆኖ፣ የሌለው ደግሞ ጎረቤት ተጠግቶ አንድ ፊልም ያያል። ፊልሙ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረሃብ የሠራው ዘገባ ነው፤ በጥቅምት 1966 ለእንግሊዝ ተመልካች ቀርቦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ሲታይ ግን እንዳለ አልቀረበም። በረሃብ የከሳ ሕፃን ከታየ በኋላ የቤተ መንግሥት ግብዣ ይመጣል፤ የምትሞት እናት ከታየች በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ ይታያል። በማግስቱ ጠዋት መኮንኖች ቤተ መንግሥት ገብተው ከዙፋን መውረዳቸውን የሚገልጸውን ጽሑፍ አነበቡላቸው። ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ።

ረሃቡ ለከተማው ሰው አዲስ ወሬ ነበር እንዴ? አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች በ1965 ግቢያቸው ውስጥ አሳይተዋል። ከወሎ የመጣ መንገደኛም ያየውን ይናገር ነበር። ስለዚህ ያ ምሽት ለአዲስ አበባ ያመጣው እውቀት አይደለም። ያመጣው ሌላ ነገር ነው፤ ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት ሐሳብን በማሰራጨት እንዴት እንደሚለያዩ ለመረዳትም ከዚያ መነሣት የሚሻል ይመስለኛል።

በዕድር ላስረዳ። የዕድሩ ገንዘብ ያዥ ገንዘብ እንደሚያጎድል እያንዳንዱ አባል ያውቃል እንበል። ሚስት ለባሏ ነግራዋለች፤ ባልም ለጓደኛው ሹክ ብሎታል። ሆኖም ማንም አፍ አውጥቶ አይናገርም፤ ሌላው ማወቁን፣ ቢያውቅም አብሮት መቆሙን እርግጠኛ የሆነ የለምና። አንድ እሑድ ጠዋት አባላቱ በሙሉ ድንኳን ውስጥ ተሰብስበው ሳለ አንዲት ሴት ብድግ ብላ «ገንዘባችን የት ገባ?» ብትልስ? አንድም አዲስ መረጃ አልጨመረችም። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ግን ዕድሩ የቀድሞው ዕድር አይደለም። ሁሉም ያውቃል፤ ሌላውም እንደሚያውቅ ያውቃል። ከሁሉ ይበልጥ ገንዘብ ያዡ ይህን ያውቃል።

ቴሌቪዥን ያ ድንኳን ነው። አንድ ማሰራጫ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ምስል። የተመለከተ ሁሉ ምስሉን ብቻ ሳይሆን ሌላውም በዚያው ሰዓት ያንኑ መመልከቱን ያውቃል። በደጉ ዘመን፣ ማለቴ ጣቢያው አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ «የሁለት ሰዓት ዜና አየህ?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በቀጥታ ወደ ወሬው ይገባል።

ችግሩ ድንኳኑን የሚተክለው ማን ነው የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላው ያው መሣሪያ የተከለውን ንጉሥ ለመጣል አገለገለ። ሌላ አሥር ዓመት ሲያልፍ ደግሞ በተራው ይደብቅ ጀመር። ደርግ በመስከረም 1977 አሥረኛውን የአብዮት በዓል ሲያከብርና ፓርቲውን ኢሠፓን ሲመሠርት ስክሪኑ ላይ ቀለም መጣ፤ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከጥቁርና ነጭ የወጣው ለዚያ ድግስ ነው። በዚያው ሰሞን ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ዘገባ፣ መሐመድ አሚን ካነሳው ምስል ጋር፣ ዓለምን ሲያስለቅስ የራሳችን ባለቀለም ስክሪን ያሳየን ሰልፍና መፈክር ነው። የወሎን ረሃብ በቴሌቪዥን አሳይቶ ሥልጣን የያዘ መንግሥት የወሎን ረሃብ ከቴሌቪዥን ሸሸገ። መሣሪያው ያው ነው።

እስከዚህ ያለውን ሲሰሙ ብዙዎች ወደ ተለመደው መደምደሚያ ይሮጣሉ፦ ቴሌቪዥን የገዢ አፍ ነው፣ ኢንተርኔት ግን ሁሉም የሚናገርበት ስለሆነ ነጻ ያወጣል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የሚታየው ግን ከሚናገረው ይልቅ የሚሰማውን ሰው ስንመለከት ነው።

ልጅ ሳለሁ ሰፈራችን ውስጥ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ነበር። ከላዩ ዳንቴል ይለብሳል፤ ዳንቴሉ የሚገለጠው ለዜናና ለቅዳሜ ድራማ ብቻ ነው። ከልጆቹ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል። «መጣ?» «አልመጣም!» «አሁንስ?» «መጣ፣ መጣ፣ እንዳትነካው!» ያ ልጅ ሳያውቀው የቴሌቪዥንን ትልቁን ምሥጢር በእጁ ይዞ ነበር፤ አንቴና ይቀበላል እንጂ አይልክም። ማሰራጫው ሞገዱን አየር ላይ ይበትነዋል፤ የትኛው ቤት እንደተቀበለው የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ተመልካቹ ማንም የማይመዘግበው፣ ስም የሌለው ሰው ነው። አንድ ቤት ቢጨመር ለማሰራጫው ወጪ የለውም፤ ቢቀነስም አያውቅም።

ሳተላይት ሲመጣ ይህ ነገር ሌላ ትርጉም አገኘ። ጣቢያው ምስሉን ከምድር ወደ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደምትገኝ ሳተላይት ይልካል፤ ሳተላይቷ ያንኑ መልሳ ለብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ታዘንበዋለች። ዝናብ ድንበር አያውቅም። መንግሥትን የሚተቹት ኢሳት በ2002፣ ኦ ኤም ኤን (ኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ) በ2006 ከውጭ አገር ስርጭት ሲጀምሩ አዲስ አበባም ነቀምትም ጣሪያ ላይ ያለ ሰሃን ሊቀበላቸው ይችል ነበር። መንግሥት ከመሬት ሆኖ የነበረው ምርጫ ሁለት ነው። አንደኛው ማፈን ነው፤ ከምድር ወደ ሳተላይቷ፣ ጣቢያው በሚጠቀምበት ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ላይ፣ ትርጉም የሌለው ጠንካራ ጩኸት ይላካል። ሳተላይቷ ጩኸቱን ከንግግሩ መለየት ስለማትችል ሁለቱንም ቀላቅላ ትመልሳለች፤ ስክሪኑም ይበጣጠሳል። የዚህ ዘዴ ክፋቱ በዚያው መስመር ላይ የተከራዩ ሌሎች ጣቢያዎችም አብረው መታፈናቸው ነው። እነሱ ይጮኻሉ፤ የሳተላይቱ ድርጅት ገበያውን ለማዳን ሲል ዋናውን ተፈላጊ ጣቢያ ያወርደዋል። ኢሳት ከሳተላይት ሳተላይት ሲንከራተት የኖረው በዚህ የተነሣ ነው። በየጊዜው ደግሞ አዲሱ ድግግሞሽ በወረቀት ተጽፎ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፍ ነበር።

ሁለተኛው ምርጫ ተመልካቹን ማስፈራራት ነው። በጥቅምት 2009፣ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ወቅት፣ ኢሳትንና ኦ ኤም ኤንን መመልከት ራሱ ተከለከለ። ግን እንዴት ይታወቃል? ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ዜናው ሲጀምር መጋረጃ ይዘጋሉ፤ ድምፁን ስለሚቀንሱት ጆሯቸውን ወደ ስክሪኑ አስጠግተው እንደ ሐኪም ያዳምጣሉ። ሌላ ጥንቃቄ አላስፈለጋቸውም። ሊያጋልጣቸው የሚችለው ሰው ብቻ ነው፤ መሣሪያው አያጋልጥም።

አሁን ስልካችንን እናንሣ። ኢንተርኔት ዝናብ አይደለም፤ ደብዳቤ ነው። አንድ ገጽ ስንከፍት መጀመሪያ የምናደርገው መላክ ነው፤ «ይህን ላኩልኝ፣ አድራሻዬ ይህ ነው» የሚል ጥያቄ ከስልካችን ይወጣል። ጥያቄው ወደ ቴሌኮሙ ማማ፣ ከማማው ወደ ዋናው ማዕከል፣ ከዚያ በፋይበር መስመር ወደ ጂቡቲ ወይም ወደ ኬንያ፣ ከዚያም በባሕር ውስጥ ገመድ ወደ ዓለም ይሄዳል። መልሱ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ያለ ሁሉ ማን፣ ከማን፣ በስንት ሰዓት የሚለውን ማየት ይችላል። ቪፒኤን የሚባለው ዘዴ ፖስታን በሌላ ፖስታ ውስጥ መክተት ነው፤ ፖስተኛው የሚያነበው የውጪውን አድራሻ ብቻ ነው። ሆኖም ፖስታ መላኩን ያውቃል።

በዚህ ረገድ ኢንተርኔት ከመምህሩ ቴሌቪዥን ያነሰ ነጻነት ይሰጣል ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን በተግባር የቀመሱት ራሳቸው የቴሌቪዥን ሰዎች ናቸው። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በ2006 ይፋ እንዳደረገው፣ በውጭ አገር ያሉ የኢሳት ሠራተኞች በስካይፕ የስለላ ሶፍትዌር የያዘ ፋይል ተልኮላቸዋል። በሰማይ ያልተያዘ ጣቢያ በገመድ ተፈለገ ማለት ነው።

መዝጋቱም እንዲሁ ነው። ዝናብን ለማቆም ሰማይ መድረስ ያስፈልጋል፤ ደብዳቤን ለማቆም ፖስታ ቤቱን መዝጋት ይበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔት ከጀመረበት ከ1989 አንሥቶ ሳፋሪኮም በ2015 መጀመሪያ እስኪገባ ድረስ ፖስታ ቤቱ አንድ ነበር። ከ1997 ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት እንኳ ሁለት ዓመት አልፎት ለሚሌኒየሙ ነው የተከፈተው። በሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋረጠ፤ ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ሦስት ሳምንት ገደማ ወሰደ። ጦርነቱ በተነሣበት በትግራይ መቋረጡ በዓመታት ተቆጠረ። በየካቲት 2015 ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ብቻ ተለይተው ታገዱ፤ አምስት ወር ቆዩ። ይኸኛው የተለየው ያለ ምክንያት አይደለም። ባንኩም፣ አየር መንገዱም፣ ነጋዴውም ኢንተርኔት ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሁሉን መዝጋት ገዢውንም ያከስረዋል። ስለዚህ ቧንቧውን ትቶ ማጣሪያ ይገጥማል። ማጣሪያውን ቪፒኤን ያልፈዋል፤ የተዘጋ ቧንቧን ግን ምንም አያልፈውም።

በግብፅ የሆነው ይህንኑ ጎን ለጎን ያሳያል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 2011 እኩለ ሌሊት እንዳለፈ የግብፅ ኢንተርኔት በደቂቃዎች ውስጥ ከዓለም ካርታ ጠፋ። ኢንተርኔት አቅራቢዎቹ «ወደ እኔ የሚያመጣው መንገድ ይህ ነው» እያሉ ለዓለም የሚያስተዋውቁትን አድራሻ አነሡ፤ መንገዱ ካልታወቀ ደብዳቤ አይደርስም። መንግሥት የኳታሩን ጣቢያ አልጀዚራንም ከግብፅ ሳተላይት ከናይል ሳት አወረደው። ሌሎች የአረብ ጣቢያዎች ግን የአልጀዚራን ምስል በራሳቸው መስመር ያስተላልፉ ጀመር። ካይሮ ውስጥ ፌስቡክ ሲሞት ቴሌቪዥን ሳሎን ውስጥ ቀረ። ኢንተርኔቱ የተመለሰው እ.ኤ.አ. የካቲት 2 ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት ምን ጨመረ? ዋናውን ነገር ጨመረ፤ ድንኳን ለሌለው ሰው አፍ ሰጠው። ቴሌቪዥን ለመናገር ስቱዲዮ፣ ፈቃድ፣ በዶላር የሚከፈል የሳተላይት ኪራይ ይጠይቃል። የውጭዎቹ ጣቢያዎች እንኳ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካና በአውሮፓ ከተሞች የገንዘብ ማሰባሰቢያ ምሽት እያዘጋጁ ነው የኖሩት። ስልክ ግን ስልክ ብቻ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2010 ቱኒዚያ ውስጥ ሲዲ ቡዚድ በምትባል ትንሽ ከተማ መሐመድ ቡዓዚዚ ራሱን ሲያቃጥል የአገሩ ቴሌቪዥን አልነበረም። የተቃውሞውን ምስል በስልክ ቀርጸው ፌስቡክ ላይ የጫኑት የከተማው ሰዎች ናቸው። እንዲህም ሆኖ ምስሉ ፌስቡክ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ በዚያ ፍጥነት አገር ባላዳረሰ ነበር፤ አልጀዚራ አንሥቶ ስላሳየው የስልክ ስም የማያውቁ እናቶች ዘንድ ደረሰ። አንድ ወር ሳይሞላ ፕሬዚዳንቱ ቤን አሊ አገር ጥሎ ሸሸ። በ2008 በኦሮሚያ ተቃውሞው ሲቀጣጠልም መንገዱ ይኸው ነበር፤ የገጠር ወጣት በስልኩ ይቀርጻል፣ በኢንተርኔት ወደ ውጭ ይወጣል፣ በሳተላይት ቴሌቪዥን ወደዚያው ገጠር ይመለሳል። ኢንተርኔት ወደ ውጭ አወጣ፤ ቴሌቪዥን ወደ ድንኳኑ መለሰ። ሁለቱን እንደ ጠላት የሚያዩ ሰዎች ይህን ዑደት ይዘነጉታል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። የታፈነ ሕዝብ ነጻ ሐሳብ ቢደርሰው ይነሣል ብለን እናስባለን። ምሥራቅ ጀርመን ይህን ግምት ታፈርሰዋለች። አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል የምዕራብ ጀርመንን ቴሌቪዥን ይቀበል ነበር፤ ድሬስደንና አካባቢዋ ግን ሸለቆ ውስጥ ስለሆኑ ሞገዱ አይደርሳቸውም። በዚህም «የምንም አያውቄዎች ሸለቆ» የሚል ቅጽል ወጥቶላቸው ነበር። ሆልገር ከርንና የንስ ሃይንሙለር የተባሉ ተመራማሪዎች የበርሊን ግንብ ከመፍረሱ በፊት ከወጣቶች የተሰበሰበ መጠይቅ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ የምዕራቡን ቴሌቪዥን ያዩ የነበሩት ከድሬስደን ሰዎች ይልቅ በሥርዓቱ ረካ ያሉ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው የጠላትን ጣቢያ የሚከፍተው በአብዛኛው ለዜና ሳይሆን ለድራማ ነው፤ ድራማው ደግሞ ድካምን ያስረሳል። ይህን ሳነብ ቃና ቴሌቪዥን ትዝ ይለኛል። በ2008 ስርጭት ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎችን ይዞ መጣ፤ ያ ዓመት አገሪቱ በተቃውሞ የምትናጥበት ነበር። በስንት ቤት አንዱ ሰሃን ላይ ተቃውሞውም የቱርኩ ፍቅርም አብረው ይወርዱ ነበር! የትኛው ረዘም ላለ ሰዓት ይታይ እንደነበር እናቶቻችንን መጠየቅ ነው።

ጀርመን ግን ሌላም ምሽት አላት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 9 ቀን 1989 የምሥራቅ ጀርመን ገዢ ፓርቲ ቃል አቀባይ ጉንተር ሻቦቭስኪ በቀጥታ በሚተላለፍ ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ዜጎች ወደ ምዕራብ የሚጓዙበት አዲሱ ፈቃድ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራ ሲጠየቅ ወረቀቱን አገላበጠና «ወዲያውኑ» አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የምዕራቡ ዜና ድንበሩ ተከፈተ ብሎ ተናገረ። እነሱም የሁለት ሰዓት ዜና አላቸው። ዜናውን ያየ ሰው ጎረቤቱም ማየቱን ስላወቀ ወደ ድንበሩ ጎረፈ፤ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ የቦርንሆልመር መተላለፊያ ጠባቂዎች በሩን ከፈቱት። ለዓመታት ያስተኛ ስክሪን በአንድ ምሽት ቀሰቀሰ፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ስላየ።

ኢንተርኔት አንድ ሰዓትም አንድ ነገርም የለውም። ቴሌቪዥን ላይ አርታኢ አለ፤ ስሙም ቢሮውም ይታወቃል፣ እንሰድበዋለን። ኢንተርኔት አርታኢውን አስወገደ ይባላል። አላስወገደውም፤ ስሙን ሰረዘው እንጂ። ፌስቡክን ስንከፍት መጀመሪያ የሚመጣልን ነገር በሰዓት ቅደም ተከተል የመጣ አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ስለ እያንዳንዳችን ከሚያውቀው ተነሥቶ ምን አስተያየት ያሰጠናል፣ ምን ያናድደናል ብሎ የመረጠው ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2018 ስሌቱን ሲቀይር ብዙ አስተያየትና ቅብብል ያለበትን ጽሑፍ ከፍ እንዲል አደረገ፤ አስተያየት የሚበዛው ደግሞ ንዴት ያለበት ጽሑፍ ላይ ነው። የቀድሞዋ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ይህ ስሌት የብሔር ግጭትን ያራግባል ካለችባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ስለዚህ እኔ የማየው ዜና አንተ ከምታየው ይለያል፤ አጠገቤ ተቀምጠህ እንኳ። ዕድሩ አለ፣ አባላቱም አሉ፣ ድንኳኑ ግን ለእያንዳንዱ ለብቻው ተተክሏል። እያንዳንዱ በየድንኳኑ ውስጥ «ገንዘባችን የት ገባ?» ይላል፤ ግማሹ ገንዘብ ያዡን፣ ግማሹ ጸሐፊውን፣ ግማሹ ጎረቤቱን እያመለከተ። ሁሉም ይጮኻል፤ ሌላው ምን እንደሰማ ግን ማንም አያውቅም።

በሰኔ 2010 መንግሥት 264 የታገዱ ድረ ገጾችና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተከፈቱ ሲል ጎረቤታችን መምህር መጋረጃቸውን ሳይዘጉ ዜና ማየት ጀመሩ፤ ድምፁንም ከፍ አደረጉት፤ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ሰሃኑ ጣሪያው ላይ ዝጓል፤ እርግብ ታርፍበታለች። ማታ ማታ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ከስልኳ የሚመጣውን ታነብላቸዋለች፤ ዓይናቸው ደክሟል። በቀደም ልጠይቃቸው ገብቼ ሳለሁ አንድ ከባድ ዜና አነበበችላቸው። ዝም ብለው ሰሙና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ይህን ጎረቤቶቻችንም አይተውታል?» አሉ።

ስልኩን ወደ ላይ ወደ ታች አሻሸችው። «እኔ እንጃ አባባ፤ ለእኔ ነው የመጣልኝ።»